በቦይለሩ ውስጥ የነደደው ሻማ

መሐንዲሱ ሞቶ ሲገኝ አጠገቡ የነበረው ሻማ እየነደደ ነበር። ነገሩን ሁሉ ያወሳሰበው ይኸው ሻማ ነው።

አስከሬኑ የተገኘው በአሮጌው የፈትል ፋብሪካ ውስጥ፣ በቦይለሩ ሆድ ነው። ቦይለሩ ውኃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት፣ አውቶቡስ የሚያህል የብረት በርሜል ነው። በደጉ ዘመን እንፋሎቱ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ሞተር ያንቀሳቅስ ነበር፤ የሞተሩ መዘውር ደግሞ በገመድ የፎቆቹን ሁሉ መፍተያ ይዘውር ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሞተሩ ሥራ ፈታ። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ለብረት ቀላጮች ሊሸጥ ሲል ጥቂት ሰዎች «እኛ ቆመን አይሆንም» ብለው ተነሡ። የእንፋሎት ወዳጆች ማኅበር የሚል ስም ለራሳቸው አወጡ። ዝገት እየፋቁ፣ ቅባት እየቀቡ፣ በዓመት አንድ ቀን እሳት እየለኮሱ ሞተሩን ለሕዝብ ያሳዩ ጀመር። በዚያች ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። መዘውሩ መዞር ሲጀምር ልጆች የእናቶቻቸውን ቀሚስ ይጨብጣሉ፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ያለምንም ምክንያት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

የዘንድሮዋ ቀን ስትቃረብ መሐንዲሱ እንደ ልማዱ ቦይለሩን ሊፈትሽ ገባ። በሕይወት አልወጣም።

መርማሪዋ የደረሰችው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ የተጠቀጠቀ ነገር ውስጥ ስለምትገባ ነው። እሷ ግን በስሟ ተኩራርታ አታውቅም። የምትጠራው ሁልጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ፈልጋ ያገኘችው እውነት አንድም ሰው ከሞት አስነስቶ አያውቅም።

አስከሬኑን አውጥተው ሸራ ላይ አጋድመውታል። የፖሊስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ልብ ነው» አላት። «ዕድሜው የገፋ፣ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው። እንደዚያ ባለ ጠባብ ቦታ በደረቱ ሲሳብ ልቡ ቀጥ አለ። አለቀ።»

«አየር አጥሮትስ ቢሆን?»

«ሻማው ሲነድ ነው ያገኙት። አየር ባይኖር መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ አይደል?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ አነሣች። የሞተ ሰው ጥፍር ይገረጣል፣ ይጠቁራል። የመሐንዲሱ ግን ቀላ ብሏል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን አየች፤ እሱም የጤነኛ ልጅ ድድ ይመስላል። ደሙ እንዲመረመር ጠየቀች። ሐኪሙ ሥራ ልታበዛበት መሆኑን በፊቱ ነገራት፤ ቢሆንም ደም ቀዳላት።

ቦይለሩ እስኪናፈስ ጠብቃ በብረት መሰላሉ ወጣች። አናቱ ላይ ሰው በትከሻው እየታከከ የሚያልፍባት ሞላላ ቀዳዳ አለች። ባትሪዋን ይዛ ገባችና በደረቷ ተሳበች። ብረቱ የተሰፋባቸው ምስማሮች በረድፍ በረድፍ ይታያሉ። መሐንዲሱ እያንዳንዳቸውን በመዶሻ መትቶ፣ ድምፃቸውን አዳምጦ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጎባቸዋል። ሁሉም ክብ ነው። እስከ መካከሉ ድረስ ክብ፣ ክብ፣ ክብ። ከዚያ መዶሻው ወድቋል፤ ጠመኔው ተሰብሯል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ምስማሮች ምንም ምልክት የለባቸውም።

ልትመለስ ስትል አንድ ነገር ልብ አለች። ከመዳፏ ሥር ያለው ዝገት እንደ ዱቄት ደርቋል። ውጪው ዝናብ በዝናብ ነው፣ አየሩ ከባድ ነው፣ ይህ ግን ደረቅ። ከቀዳዳው ሥር፣ በዝገቱ ላይ፣ አራት ማዕዘን ቅርጽ ታትሟል፤ አንድ ዕቃ ተቀምጦ የተነሣ ይመስላል። ከአራቱ ማዕዘኖች አንዱ ሾል ብሎ ወጥቷል፣ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ። ከወጣች በኋላ ጎን ለጎን ወደቆመው፣ ሥራ ካቆመ ብዙ ጊዜ ወደሆነው ሁለተኛው ቦይለር ሄዳ እጇን አስገባች። ላብ እንዳጠመቀው ሰው ጀርባ ረጥቧል።

የማኅበሩ እሳተኛ ዕድሜውን ሙሉ እሳት ሲቆሰቁስ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ስሙ ተረስቶ ሁሉም «አባ ፍም» ይለዋል። ራሱን በጨርቅ ጠፍንጎ የከሰሉ ክምር ላይ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ አስመልሶታል፤ ራሱን የሚፈልጠው ሐዘን መስሎታል።

የመዶሻው ድምፅ ቀጥ ሲል ተጣርቶ እንደነበር ነገራት። መልስ ሲያጣ አላመነታም፤ ዘሎ ገባ፣ የጓደኛውን እግር ይዞ ጎተተ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ እሱም ጉልበት ከዳው። እሱን ከላይ ስቦ ያወጣው የማኅበሩ ፎቶ አንሺ ነው። ሻማውን ስትጠይቀው፣ መሐንዲሱ ያለ ሻማ ገብቶ እንደማያውቅ አስረዳት። በሽቦ አንጠልጥሎ ያወርደዋል፤ ከጠፋ አይገባም፣ ከነደደ ይገባል። ክቦቹንስ? ድምፁ ደህና የሆነ ምስማር ክብ፣ የታመመ ምስማር መስቀል ይደረግበታል አለ።

«ፎቶ አንሺው እስኪደርስልህ ቆየ፣ አባባ?»

«ኧረ እሱ ከሁሉም በፊት ነው የሮጠው። ግን መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሄደው፣ ከቦይለሩ ሥር ያለችውን የደለል ማውጫ በር ሊከፍት። ቁልፉን ይዞ ብሎኗን ሲፈታ ሰማሁት። ከዚያ ነው ወደኔ የወጣው።»

«ለምን ከፈታት?»

«ብርሃን እንዲገባላችሁ ብዬ ነው አለኝ። እንግዲህ የደነገጠ ሰው ምኑ ይታወቃል።»

የመሐንዲሱ ሚስት ፎቅ ላይ፣ የማኅበሩ ቢሮ በሆነው ክፍል ውስጥ ነበረች። አላለቀሰችም። የባሏን ኮት ጭኗ ላይ አጣጥፋ ይዛ፣ አሁን መጥቶ የሚጠይቃት ይመስል ከላዩ ላይ ክር ትለቅማለች። ባሏ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር አጫወተቻት። ቦይለሩ አርጅቷል፣ ከመካከሉ ወዲያ ያለው ስፌት ታሟል ብሎ ይጠረጥር ነበር። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ «ከእንግዲህ እሳት አይለኮስበትም» ብሎ ሊፈርም ነበር። ለማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ነግሯቸዋል። አባ ፍም ዝም አለ። ፎቶ አንሺው ለመነው፤ ቤት ድረስ እየመጣ ለመነው።

«ምን አለው ባለቤትሽ?»

«ልጆች ከበውት ቆመው ቢፈነዳ አንተ ነህ የምትጠየቀው ወይስ እኔ አለው። ከዚያ እራት አቀረብኩላቸው። ሁለቱም አልበሉም።»

በሩ ላይ የልጇ ባል ቆሞ ይሰማ ነበር። ተቋራጭ ነው፤ ፋብሪካውን አፍርሶ መኖሪያ ፎቅ ሊሠራበት እንደሚፈልግ ከተማው ሁሉ ያውቃል። መርማሪዋ ወደ እሱ ስትዞር ነገሩን አላድበሰበሰም። አማቱ ቢፈርሙ ሞተሩ ከነገ ወዲያ ይነሣ ነበር፤ ሳይፈርሙ በመሞታቸው ግን የሱ ጉዳይ አፈር በላ ማለት ነው። «ክፉ ሰው ነው ልትዪኝ ትችያለሽ» አላት፤ «ግን የኔ ነገር የሚሳካው እሳቸው በጤና ሲወጡ ነበር።» አማቱ ከሌሉ ማን እንደሚፈርምም ነገራት፦ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰው አለ፤ እሱ ወረቀቱን ካልሆነ በቀር ቦይለሩን ነክቶ አያውቅም፣ ሳይፈትሽ ይለኮስ ብሎ ይፈርማል።

የፎቶ አንሺው ስቱዲዮ ከፋብሪካው ብዙም አይርቅም። ደጁ ላይ የተሰቀሉት ሙሽሮችና ተመራቂዎች ፀሐይ በልቷቸው ገርጥተዋል። ውስጡ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ሞተሩ ነው። ሞተሩ በጎን፣ ሞተሩ ከላይ፣ መዘውሩ ሲዞር፣ አባ ፍም በእሳቱ ብርሃን፣ መሐንዲሱ ቅባት በቅባት ሆኖ ሲስቅ። ፎቶ አንሺው የሚያስቀምጣት ወንበር ፈልጎ አጣ፤ የያዛቸውን የካሜራ ሌንሶች ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያመላልሳል። በስተኋላ ጨለማ ክፍሉ ተከፍቷል። ፎቶ የሚታጠብባቸው ነጭ ቅብ የብረት ትሪዎች ተደራርበው ይታያሉ፤ የእያንዳንዳቸው አንድ ማዕዘን ለመድፊያ እንዲመች ሾል ብሏል።

መርማሪዋ ዓይኗን ከትሪዎቹ መለሰችና ከሞተሮቹ መካከል ብቻዋን ወደተሰቀለች የአንዲት ሴት ፎቶ ጠቆመች። ማን እንደሆነች ጠየቀች።

«ባለቤቴ ናት» አለ። ድምፁ ወዲያው ሌላ ሆነ። «ብርድ ነበር። ከሰል አያይዛ ክፍሉን ዘጋግታ ተኛች። እኔ ሠርግ ቤት ፎቶ ሳነሣ አደርኩ። ጠዋት ስገባ ፋኖሱ ከራስጌዋ እንደበራ ነው። ፋኖሱ በርቶ ሳየው ነቅታለች ብዬ... አነጋገርኳት እኮ። ካፖርቴን እያወለቅሁ ስለ ሠርጉ አወራኋት።»

ከዚያ በኋላ ቤቱን ዘግቶ እንደከረመ፣ ሰው በርቀት እንደሸሸው፣ በሩን እየደበደበ ያስወጣው መሐንዲሱ እንደሆነ ነገራት። ወደ ፋብሪካው ወስዶት፣ ካሜራውን እጁ ላይ አስቀምጦ፣ «ይህን ሞተር ሳይሞት አንሣልኝ» ብሎት ነበር። መርማሪዋ ስትሰማው ደስታ አልተሰማትም። የምትፈልገውን ግን አግኝታለች። ይህ ሰው ሳይጠየቅ ራሱን በእጇ ላይ አስቀምጦላታል። አላየሁም ብላ መውጣት አትችልም።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ራሱ ደወለላት፤ ይቅርታ ባይልም ድምፁ ዝቅ ብሏል። መሐንዲሱን የገደለው የከሰል ጭስ መርዝ ነው።

ሁሉንም በሞተሩ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። የመሐንዲሱ ሚስት ከመዘውሩ ሥር ወንበር ተሰጣት፤ የልጇ ባል ከኋላዋ ቆመ። አባ ፍም መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ፎቶ አንሺው ብቻውን፣ ወደ ቦይለሩ የሚወስደው በር አጠገብ ነበር። ዝናቡ ቆሟል፤ ከጣሪያው ቀዳዳ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

«መሐንዲሱ የሞቱት በልባቸው አይደለም» ብላ ጀመረች። «ከሰል በተዘጋ ቦታ ሲነድ የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለ። ደማቸው ውስጥ ተገኝቷል። ጥፍራቸውም የቀላው ለዚህ ነው።»

«ሻማውስ?» አለ አባ ፍም። «እየነደደ ነው ያገኘሁት፣ ልጄ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ልክ ነህ አባባ። ሻማ የሚነግረን አየር መኖሩን ብቻ ነው። የሚተነፈስ አየር እያለ መርዙ ከተቀላቀለበት ሻማው ምንም አይሆንም፤ ሰውየው ግን ይሞታል። ይህንን መሐንዲሱ አላወቁም። አንተም አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ያንን ቀዳዳ ዘለህ አትገባበትም ነበር፤ የታመምከውም ባለማወቅህ ነው። ስለዚህ አንተ አይደለህም።»

አባ ፍም በጨርቅ የታሰረ ራሱን ዳሰሰ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ለሞት ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር የነገረው ሰው የለም።

መርማሪዋ ቀጠለች። ከሰሉ የተቀመጠው መሐንዲሱ ከመግባቱ በፊት ባለው ምሽት እንደሆነ፣ ጠዋት ሰው ሳይመጣ እንደተነሣ አስረዳች። የጎረቤቱ ቦይለር በእርጥበት ሲያንጠባጥብ ይህኛው ውስጡ የደረቀው ሙቀት ስላደረበት ነው። ከሰሉ የነደደበት ዕቃም ቅርጹን ዝገቱ ላይ ጥሎ ሄዷል። ተቋራጩ ላይ እንዳልፈረደች ተናገረች፤ እሱ የሚፈልገው የአማቱን ፊርማ ነው፣ ፊርማው ደግሞ ከሳቸው ጋር ሞቷል። የመሐንዲሱ ሚስት ራሷ ባሏ ፍተሻው ቀንቶት እንዲወጣ ስትጠብቅ የነበረች ናት።

«የቀረው» አለች፣ «የመዶሻው ድምፅ ቀጥ ሲል፣ ወደ ጓደኛው ከመሮጡ በፊት የታችኛዋን በር የከፈተ ሰው ነው። ለብርሃን አይደለም፣ ያቺ በር ብርሃን አታስገባም። መርዙ እንዲወጣ ነው። መርዝ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ፋኖስ በራስጌዋ እየበራ የሞተች ሴት ያየ ሰው ነው። ስቱዲዮው ውስጥ፣ ከትሪዎቹ ሥር፣ እሳት ቅቡን ያሰነጣጠቀው አንድ ትሪ አግኝተናል።»

ሁሉም ዞረው ፎቶ አንሺውን አዩት። አልካደም። ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፤ ማንጠልጠያውን አውልቆ ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«አንድ ቀን ብቻ ነበር የለመንኩት» አለ። «የዘንድሮዋን ቀን። ከዚያ በኋላ ይፈርም። እሱ ግን አይሆንም አለ። ዓመቱን ሙሉ የምኖረው ለዚያች ቀን ነው፤ እሱ ያውቃል፣ ለዚያች ቀን እንድኖር ያደረገኝ ራሱ ነው። መዘውሩ ከቆመ ወደዚያ ቤት መመለሴ ነው። ወደዚያ ቤት መመለስ አልችልም።»

«ሲያንኳኳ ሰማኸው?» አለች የመሐንዲሱ ሚስት። ከገባች ጀምሮ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሰማሁት። መዶሻው ሲመታ እዚህ ቆሜ ነበር። ልጣራ አልኩ፣ ውጣ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከሚቀጥለው ምት በኋላ እለዋለሁ እያልኩ... አሁን አሁን ስል መዶሻው ዝም አለ። ያኔ በሩን ልፈታ ሮጥኩ። እህቴ፣ ሮጫለሁ እኮ።»

አባ ፍም ከመሰላሉ ተነሥቶ መርማሪዋን ስለ ምስማሮቹ ጠየቃት፤ ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ መሐንዲሱ እስከ የት እንደደረሰ። ልትመልስለት አልፈለገችም። ሽማግሌው ግን ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

«እስከ መካከሉ ክብ ነው» አለችው። «አንድም መስቀል የለበትም።»

ፎቶ አንሺው ቀና አለ። «ደህና ነው ማለት ነው? ሊፈቅድ ነበር?»

«አላውቅም። እሳቸው የጠረጠሩት ስፌት ከመካከሉ ወዲያ ያለው ነው። እዚያ አልደረሱም።»

«ሌላ ሰው ገብቶ ይምታው። ይታወቅ።»

«ማንም አይገባበትም» አለች። እውነቷን ነው። ከከተማው አስተዳደር ትእዛዝ መጥቷል፤ ሰው የሞተበት ቦይለር ስለሆነ ቤቱ ይታሸጋል፣ ቦይለሩም ሞተሩም ተቆራርጠው ይነሣሉ። አለቃዋ ጋ ሄዳ ተከራክራ ነበር። አለቃዋም ከላይ የመጣ ነው ሲል ጣሪያውን በጣቱ አሳያት። ፎቶ አንሺው የገደለለትን ነገር በገዛ እጁ ገድሎታል፤ ይህንን በአፏ አልነገረችውም፣ ግን ሲገባው ፊቱ ላይ አየችው። ሁለት ፖሊሶች በብብቱ ይዘው አስወጡት። በመኪናው መስኮት ወደኋላ ዞሮ ጭስ ማውጫውን ሲያይ ነበር አሉ።

ዝናቡ መልሶ ጀምሮ ነበርና ተቋራጩ ለሚስቱ እናት ጃንጥላ ሊይዝላት ቀረበ። ራቅ አድርጋው ኮቱን እንደታቀፈች በእግሯ ሄደች።

መርማሪዋ ማሸጊያውን ይዛ ቀረች። መስኮቶቹን ዘጋች፣ የጎን በሩን አሸገች። ዋናው በር ላይ ስትደርስ አባ ፍም ገና አልወጣም፤ መዘውሩን በመዳፉ ይዞ ቆሟል።

«ልጄ» አላት፤ «ከመዝጋትሽ በፊት ትንሽ ላዙረው? እጅ ነው የሚያዞረው፣ እሳት አይፈልግም። እንዲህ ሆኖ ብዙ ከቆመ ዘንጉ በአንድ ጎኑ ይተኛል፣ ይዝጋል። ሩብ ዙር ያህል ብቻ።»

«ሊቆራርጡት ነው እኮ፣ አባባ።»

«ሰምቻለሁ። እስኪቆራርጡት ድረስ ነው።»

ትእዛዙ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ምንም ነገር እንዳይነካ ይላል። ውጪ የሚጠብቃት ፖሊስም በበሩ ቀዳዳ ያያታል። አይሆንም ስትል አንገቷን ወዘወዘች። ሽማግሌው እጁን ከመዘውሩ አነሣ፣ መዳፉ የነካበትን ቦታ በኮቱ እጅጌ ጠረገ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ባጠገቧ አልፎ ወጣ። መርማሪዋ በሩን ዘጋችና ማሸጊያውን ለጠፈችበት።